ከካፒቴን ብዙነህ አጠገብ

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ሁዳዴ ትናንት ገባ። ዛሬ ማታ ጨረቃዋ ከታየች ነገ ሮመዳን ይያዛል። ሁለቱ ጾም ዘንድሮ ተገጣጥመው መጡና ከሠልጣኞቹም ከእኛም ቁርስ የሚበላ ሰው ጠፋ።

የሮቤው የበረራ ትምህርት ቤታችን ከፋሲካ በኋላ ይመረመራል። ከአዲስ አበባ መርማሪዎች መጥተው የአስተማሪዎቹን የደንብ ዕውቀት ይፈትናሉ፣ የሠልጣኞቹን የበረራ ሰዓት አመዘጋገብ ያያሉ። አስተማሪዎቹ ማለት እኔና ካፒቴን ብዙነህ ነን። ሁለት ትንንሽ አውሮፕላን፣ አንድ መካኒክ፣ ጥቂት ሠልጣኞች፣ በላያችን ደግሞ ባለቤቱ አቶ ደምመላሽ። ፈተናው አያስፈራኝም። ደንቡን ገጽ በገጽ አውቀዋለሁ።

ዛሬ ክፍል ውስጥ ስለ ሰዓት አመዘጋገብ አስተማርኩ። አሊዪ እጁን አወጣ። የሪራ ልጅ ነው፤ እናቱ ማር ነጋዴ ናቸው። ብቻውን ለመብረር ጥቂት ነው የቀረው።

«መሪውን የያዝኩት እኔ ከሆንኩ ለምንድነው አዛዥ ነበርኩ ብዬ የማልጽፈው?»

«አስተማሪ አብሮህ ካለ ኃላፊው እሱ ስለሆነ» አልኩት። «አንተ የምትጽፈው የተማርክበት ሰዓት ብለህ ነው። አዛዥ የምትሆነው ብቻህን ስትበር ነው።»

ካፒቴን ከኋላ ተቀምጠው ነበር። «ጥሩ አስረዳሽው» አሉኝ ስንወጣ። ይህንኑ ትምህርት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ አዲስ አበባ እያለሁ። የሮቤውን ሥራ ያገኙልኝም እሳቸው ናቸው፤ ጎባ እናቴ ቤት ሆኜ እንድሠራ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ካፒቴን ዛሬ ሬዲዮ ሦስቴ ተጠርተው አልመለሱም። ሲወርዱ ጠየቅኳቸው። «የጆሮ ማዳመጫው ነው» አሉ። መካኒካችን ገዛኸኝ ፈትሾ ምንም አላገኘበትም።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። በስልሳ አንድ ዓመት ቀላል አይደለም። ሮቤ ደግሞ አየሩ ቀጭን ነው፤ ለለመደውም ይከብዳል።

ሐሙስ፣ የካቲት 19

ገዛኸኝ ከነዳጅ ጫኙ ጋር ሲያወራ ሰማሁ። «ካፒቴን አሁን ያዘዙትን ወዲያው እንደገና ያዙኛል። አፈጥጠው ያዩኝና እንደማያውቁኝ ይሆናሉ። ከዚያ ይስቃሉ።»

ስገባ ወሬ ቀየሩ።

ሰው ሲደክመው ይረሳል። እኔስ ትናንት ቁልፌን በር ላይ ትቼው ሄጄ የለም?

ማክሰኞ፣ የካቲት 24

ቤት ገብቼ ምድጃው ሥር ተቀመጥኩ። እማዬ ብርድ መስሏት ጋቢ አለበሰችኝ።

በየጊዜው የሚደረገውን የአስተማሪ ምዘና ዛሬ ካፒቴን ለእኔ ማድረግ ነበረባቸው። ወደ ሶፍ ዑመር አቅጣጫ፣ በምሥራቁ ሜዳ ላይ ነበርን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አንድ ነገር እየነገሩኝ ሳሉ ቃሉን ከመሐሉ ተዉት። ዘወር ስል ዓይናቸው ተከፍቷል፣ ግን የሚያዩት ነገር የለም። ከንፈራቸው ይላወሳል። ከዚያ ቀኝ እግራቸው ፔዳሉ ላይ ደረቀና አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ መጠምዘዝ ጀመረ።

ጠራኋቸው። ትከሻቸውን ነቀነቅኩ። እግሬን በእግራቸው ላይ አድርጌ ብገፋ ድንጋይ ነው። በመጨረሻ በደረታቸው ገፍቼ፣ ከወንበራቸው ሥር ያለውን ማንሻ ስቤ ወንበሩን ወደኋላ አንሸራተትኩት። እግራቸው ያን ጊዜ ለቀቀ።

ከታች የገብስ ማሳ ሲዞር ይታየኝ ነበር።

ሲነቁ «የት ደረስን?» አሉኝ። ልክ ከእንቅልፍ እንደተነሣ ሰው። ነገርኳቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «አንቺው አሳርፊው» አሉ።

ካረፍን በኋላ ከአውሮፕላኑ አልወረዱም። «ጾሙ ነው፣ አዜብ። ውሃም አልጠጣሁ። ከፋሲካ በኋላ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ። እስከዚያ ግን በዚህች ትምህርት ቤት ላይ አትፍረጂባት። እኔ ከሌለሁ ነገ ትዘጋለች።»

«እሺ» አልኩ። እሺ ነው ያልኩት።

በሎግቡካቸው፣ በበረራ መዝገባቸው ላይ፣ ራሳቸውን አዛዥ አድርገው ጻፉ። እኔ ምንም አልጻፍኩም። ሁለት ሰው በአንድ በረራ አዛዥ አይሆንም። ስለዚህ ያ በረራ በእኔ መዝገብ የለም።

ደንቡ ግልጽ ነው፤ ጤናው መጓደሉን ያወቀ አብራሪ ፈቃዱ ኪሱ ውስጥ ቢኖርም መብረር የለበትም። ያወቀው ሰው ደግሞ ማሳወቅ አለበት። አውቀዋለሁ።

ግን ጾም ነው። ባዶ ሆድ ነው።

ዓርብ፣ የካቲት 27

መላ አገኘሁ። ሲበሩ እኔ አብሬ እበራለሁ። «ለፈተናው ልዘጋጅ፣ ካፒቴን ሲያስተምሩ ከጎን ሆኜ ልይ» አልኩ። አቶ ደምመላሽ ደስ አለው። ሠልጣኞቻቸውን አንድ በአንድ ወደ እኔ አዛወርኳቸው። ካፒቴን ገብቷቸዋል፤ አልተቃወሙም።

ደኅና ናቸው። በዚህ ሳምንት ምንም የለም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 2

የበልጉ ደመና ገባ። ከረፋድ በኋላ ከሳነቴ ተራራ በኩል እየተንከባለለ ይወርድና ሜዳውን ይዘጋዋል። የቀረን ጠዋት ብቻ ነው። ሮመዳን የሚጾሙት ሠልጣኞችም ሱሁርን፣ የሌሊቱን ምግብ፣ በልተው ካልሆነ አላበርራቸውም፤ ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

አቶ ደምመላሽ ቢሮው ጠራኝ። «አንድ አውሮፕላን ሁልጊዜ ቆሞ አየዋለሁ። ለምንድነው ሁለት አስተማሪ በአንድ ወንበር የሚቀመጠው?»

«ለፈተናው…»

«ፈተናውን ማታ አጥኚ። መርማሪዎቹ የልጆቹን ሰዓት ጎድሎ ካገኙት ምን ብለን እንመልሳለን?»

ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ስልኩ ጮኸ። አነሣው። ወጣሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 6

ጸሎት አልሆነልኝም። ቆሜ ስለ ነገው የበረራ ሰሌዳ አስባለሁ።

ሰኞ፣ መጋቢት 7

ነገ ሁለቱም አውሮፕላን ይወጣል። እኔ ከሠልጣኟ ከጁሀራ ጋር፣ ካፒቴን ከአሊዪ ጋር። አሊዪ ከሁሉም ይሻላል፤ እጁ ረጋ ያለ ነው። አጭር በረራ ነው፣ ከሜዳው ሳይርቁ። አስቤበታለሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8

አሊዪ ደኅና ነው። ካፒቴን ሆስፒታል ናቸው። አሁን መጻፍ አልችልም።

ማክሰኞ፣ ማታ

ጁሀራ ጠዋት አልመጣችም፤ ሲያስመልሳት አድሮ ቀረች። ስለዚህ ነጻ ነበርኩ። አሊዪና ካፒቴን አውሮፕላኑን እየዞሩ ሲፈትሹ አየኋቸው። ካፒቴን እጃቸውን አነሡልኝ። ሻይ ይዤ ነበር። በሌላው እጄ ሰላም አልኳቸው።

ገዛኸኝ ሬዲዮውን መስኮቱ ላይ አስቀምጦት ነበር። አንድ ዙር ዞረው፣ ሁለተኛውን ጀምረው ነበር።

«አዜብ… አዜብ፣ ትሰሚኛለሽ?»

በሬዲዮ እንዲህ አይጠራም። ሻዩን የት እንደጣልኩት አላውቅም።

«እሰማሃለሁ። ተናገር።»

«ካፒቴን አይመልሱም። ዓይናቸው ተከፍቷል ግን አይመልሱም። አውሮፕላኑ ይዞርብኛል።»

«እግራቸው ፔዳሉ ላይ ነው። በደረታቸው ወደኋላ ግፋቸው። ከወንበራቸው ሥር ማንሻ አለ፣ ሳበው፣ ወንበሩን ወደኋላ አንሸራትተው። እግራቸው ይለቃል።»

ሞተሩ ብቻ ይሰማል። ገዛኸኝ አጠገቤ ቆሞ ያየኛል።

«ለቀቀ» አለ አሊዪ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኗል። «ያረቢ… ለቀቀ።»

«ጎሽ። ቀበቷቸውን አጥብቅ፣ ወደፊት እንዳይወድቁ። አሁን ክንፍህን አስተካክል። ምን ይታይሃል?»

«የጎባ መንገድ።»

«በግራህ አድርገው። ህን ሶዳቲን፣ አሊዪ። አትፍራ። ትናንት ያደረግኸውን ነው የምታደርገው።»

በመጀመሪያው ሙከራ ከፍ ብሎ መጣ። አየሁት፤ ሜዳው ያልቅበታል። «ተወው፣ ኃይል ስጥ፣ እንደገና ዙር» አልኩት። ዞረ። በሜዳው ዳር የተጠሩት የአምቡላንስ ሰዎች ደርሰው ቆመዋል። አቶ ደምመላሽ እጁን ራሱ ላይ ጭኗል። ደመናው ከሳነቴ ትከሻ ላይ መውረድ ጀምሯል፤ ለአሊዪ አልነገርኩትም።

«ሱታ፣ ቀስ… አፍንጫውን ያዝ… ያዝ… አሁን ልቀቀው።»

ሁለቴ ነጠረ። ሦስተኛውን ያዘ። ከመንደርደሪያው ወጥቶ ሣሩ ላይ ቆመ።

ስደርስ አሊዪ መሪውን አልለቀቀም፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ። ካፒቴን ነቅተው ነበር። ግራ ቀኝ አዩ። «ማን አሳረፈው?» አሉ።

ልጁ ገና ብቻውን በሮ አያውቅም። እናቱ ሪራ ላይ ምንም ሳያውቁ ማር ያነጥራሉ።

ሁሉም ሲሄድ ገዛኸኝ መጣና አጠገቤ ቆመ። በጣም ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

«ወንበሩ ሲሸሽ እግራቸው እንደሚለቅ እንዴት አወቅሽ?»

«ትምህርት ላይ አለ» አልኩት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 9

ጎባ ሆስፒታል። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ አነጋገሯ የሰሜን ነው። ስኳራቸውን፣ ደም ግፊታቸውን፣ ልባቸውን አይታለች።

«ከዚህ በፊት እንዲህ ሆነው ያውቃሉ?»

«በፍጹም» አሉ ካፒቴን።

«ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ጾምና ውሃ ማጣት ሊሆን ይችላል። ተደጋግሞ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጭንቅላት መታየት አለበት፣ አዲስ አበባ ነው የምልክዎ።» ወደ እኔ ዞረች። «አብራችሁ ነው የምትሠሩት፣ አይደል? አይተሽባቸው ታውቂያለሽ?»

ካፒቴን ጣሪያውን ያያሉ።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚጾሙት» አልኩ።

የጠየቀችኝ ያን አልነበረም። እሷ ግን ጻፈችው።

ዓርብ፣ መጋቢት 11

ዒድ ነው። የሮቤ መንገድ በነጭ ጀለቢያ ተሞልቷል። አሊዪ ለበዓሉ ወደ ሪራ ሄደ። ከመሄዱ በፊት አቶ ደምመላሽ አውሮፕላኑ አጠገብ አቁሞ ፎቶ አነሣው። ሁሉም ጀግናው ይሉታል። እሱ አይስቅም።

ሎግቡኩን ይዞ መጣ። «የማክሰኞውን ምን ብዬ ልጻፈው? ካፒቴን ነበሩ። ግን አልነበሩም።»

አቶ ደምመላሽ ቀደመኝ። «የተማርክበት ሰዓት ብለህ ጻፍ፣ በቃ። ካፒቴን ትንሽ ደክሟቸው ነበር። ነገሩን ማስፋት ለማንም አይበጅም።»

አሊዪ እኔን አየኝ። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

«ከበዓሉ ስትመለስ» አልኩት። «ቆይ።»

እኔ እኮ ነኝ ደንቡን ሁሉ የማውቀው።

ካፒቴን ዛሬ ከሆስፒታል ወጡ። ከቀናት ዕረፍት በኋላ ሥራ እንደሚጀምሩ ለአቶ ደምመላሽ ደውለው ነገሩት። ደስ አለው።

እሑድ፣ መጋቢት 13

ካፒቴን ቤት ሄድኩ፤ ልጠይቃቸው። ተኝተው ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ሸዋዓለም በረንዳ ላይ አስቀመጡኝ። ከአዲስ አበባ ባለፈው ዓመት ነው ተከትለዋቸው የመጡት። ሽሮ ሊያቀርቡ ሲነሡ እጃቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው።

«ከገና ጀምሮ ነው» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው። «መጀመሪያ ማንኪያ ከእጁ ወደቀ። ከዚያ አንድ ቀን ስሜን ጠፋበት። ሠላሳ አራት ዓመት የጠራውን ስም።»

«ከገና?»

«ተው መብረሩን፣ ሰው ታጠፋለህ አልኩት። ለመንኩት። ልጆቹን አስደወልኩበት። በኋላ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹አዜብ ታውቃለች። ከእሷ ጋር ነው የምበረው። አንድ ነገር ብሆን መሪውን ትይዛለች፤ ካለሷ አልወጣም› አለኝ።» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አደረጉ። «እኔም እሺ ያልኩት ያን ጊዜ ነው። አንቺ ስላለሽ ነው እሺ ያልኩት፣ ልጄ።»

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። የሆነ ነገር ብዬ ተነሣሁ።

«ማክሰኞ ለታ የት ነበርሽ?» አሉኝ በር ላይ። ቁጣ የለውም አጠያየቃቸው። ሊያውቁ ፈልገው ነው።

ሻይ እየጠጣሁ ነበር። አላልኳቸውም።

ከሮቤ ጎባ ድረስ በባጃጅ ስመጣ ሹፌሩ ሁለቴ «ታመሻል እንዴ?» አለኝ።

እሑድ፣ ማታ

ሰሌዳው ላይ የካፒቴንን ስም ከአሊዪ ትይዩ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አቶ ደምመላሽ አይደለም። እሱ ሁለት አውሮፕላን ይውጣ ነው ያለው። ማን ከማን ጋር የሚለውን እኔ ነኝ የጻፍኩት። ጁሀራን ለእሳቸው መስጠት ፈርቼ ነበር፤ ጁሀራ እጇ ገና ነው። አሊዪ ይችላል ብዬ ነው።

ምንድነው የሚችለው? ምን እንዲችል ነበር የመረጥኩት?

ይህን ስጽፈው ነው ያየሁት። መብራቱን ማጥፋት አልቻልኩም።

ሰኞ፣ መጋቢት 14

በጠዋት ሐኪሟ ዘንድ ሄድኩ። ወረፋ ያዝኩ እንደ ማንኛውም በሽተኛ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ዓይናቸውን፣ ከንፈራቸውን፣ እግራቸውን፣ እትዬ ሸዋዓለም ያሉኝን።

ብዕሯን አስቀመጠች። «ረቡዕ ለምን አልነገርሽኝም?»

ወዲያው ስልክ አነሣች።

ካፒቴን ነገ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። አልተሰናበቱኝም። እኔም አልሄድኩም።

ከዚያ ወደ አቶ ደምመላሽ ሄጄ ነገርኩት። መጀመሪያ አላመነኝም። ቀጥሎ «ለማን ለማን ነግረሻል?» አለኝ። «አሁን ደግሞ ለበረራ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ ልጽፍ ነው» አልኩት። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀመጠ። አልከለከለኝም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 19

እትዬ ሸዋዓለም ደወሉ። ምርመራው ወጥቷል። ጭንቅላታቸው ውስጥ እብጠት አለ። ብዙ ጊዜ የቆየ ነው ብለዋል ሐኪሞቹ። ከፋሲካ በፊት ቀዶ ጥገና ይደረግላቸዋል።

ጾሙ አልነበረም። ከመጀመሪያውም ጾሙ አልነበረም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 24

መርማሪዎቹ ፋሲካን አልጠበቁም። ሁለት ናቸው። ጠዋት የደንብ ፈተናውን ሰጡኝ፣ እንደ ወጉ። ስለ ጤና፣ ስለ ማሳወቅ ግዴታ፣ ስለ ሰዓት አመዘጋገብ። ብዕሬ አልቆመም። አዛውንቱ መርማሪ አርመው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንድም አልሳትሽም። እንዳንቺ ደንብ የሚያውቅ አስተማሪ ብዙ አላየሁም» አሉኝ። ከልባቸው ነው። መሬቱ ቢከፈት በገባሁ።

ከሰዓት ጥያቄው መጣ። ካፒቴን ከሆስፒታል አልጋቸው የሰጡትን ቃል አነበቡልኝ። «አስተማሪ አዜብ ስለ ሕመሜ ምንም የምታውቀው ነገር የለም። ከሷም ደብቄያለሁ» ይላል።

ሁለተኛው መርማሪ፣ ወጣቱ፣ «ከደብዳቤሽ ጋር አይገጥምም» አለ። «ከሁለታችሁ አንዳችሁ ተሳስታችኋል።»

መውጫ ነበር። ካፒቴን ናቸው የከፈቱልኝ። በዚያ አልጋ ላይ ተኝተው፣ ቃል እየጠፋባቸው፣ ያን ዓረፍተ ነገር ለእኔ ብለው ፈልገው አገኙት።

«እሳቸው ናቸው የተሳሳቱት» አልኩ። «አውቅ ነበር። በየካቲት 24 አብሬያቸው ነበርኩ።»

«የዚያ በረራ አዛዥ ማን ነበር?»

«በጽሑፍ እሳቸው።»

«በእውነት?»

«እኔ።»

አዛውንቱ መርማሪ የፈተና ወረቀቴን አንሥተው እንደገና አዩት፣ ስሙ የሌላ ሰው እንደሆነ ያህል። «ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅሽ…» ብለው ተዉት።

የማስተማር ፈቃዴ ታግዷል። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ኋላ ያሳውቁኛል። ትምህርት ቤቱ አይዘጋም፤ አዲስ አስተማሪ ይመጣል።

የአሊዪንም በረራ ወሰኑ። ደንቡ አንድ ነው፤ አዛዥ ተብሎ የወጣው ሰው ጎማው እስኪቆም አዛዥ ነው። ስለዚህ የዚያ ቀን አዛዥ ካፒቴን ብዙነህ ናቸው። አሊዪ የሚጽፈው የተማረበት ሰዓት ብሎ ነው።

ትክክል ነው። እኔም ብጠየቅ ያንኑ ነበር የምመልሰው። ሰምቼው ግን ደነዘዝኩ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 4

ፋሲካ። እማዬ ዶሮውን ሠርታ እኔ አልነካሁትም። «ለማን ነው የምታለቅሺው?» ትለኛለች። አላለቅስም።

እትዬ ሸዋዓለም ደወሉ። ቀዶ ጥገናው አልፏል። ካፒቴን ይበላሉ፣ ይቀመጣሉ። ቃል ግን ይፈልጋሉ፤ «ውሃ» ለማለት ቆመው ያስባሉ። ቀኝ እጃቸው ብርጭቆ አይይዝም። ከእንግዲህ መብረር የለም።

«ስልኩን ልስጥሽ?» አሉኝ። ከኋላ የካፒቴንን ድምፅ ሰማሁ። እትዬ ሸዋዓለም ወደ ስልኩ ተመለሱ። «ሌላ ቀን ይሁን» አሉ። «ደክሞታል።»

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 13

አዲሱ አስተማሪ ዘሪሁን ይባላል። ጨዋ ሰው ነው። እኔ ቢሮ ውስጥ ሰነድ አስተካክላለሁ፤ አቶ ደምመላሽ እስከ ውሳኔው ድረስ አቆይቶኛል።

አሊዪ ከዒድ በኋላ ዛሬ ተመለሰ። ሪራ ከረመ፤ መብረር አልፈልግም ብሎ እንደነበር ገዛኸኝ ነግሮኛል። እናቱ ሃጂራ ናቸው አሉ ሂድ ያሉት፤ የጀመሩትን መተው አይወዱም። በፕላስቲክ የሪራ ማር ይዞልኝ መጣ።

«እናቴ ናት የላከችልሽ። ‹ልጄን በድምፅዋ ላወረደችው ልጅ ስጥልኝ› አለች። በየሶላቷ ታነሣሻለች።»

ማሩ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ለመርማሪ ነግሬያለሁ፣ ለሐኪም ነግሬያለሁ። ለእሱ ማንም አልነገረውም። እኔም አልነገርኩትም ነበር።

«አሊዪ፣ ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ፈገግ ብሏል። «ብቻዬን ልበር ነው፣ ሰማሽ? ዘሪሁን በሚቀጥለው ሳምንት አለኝ።»

«የካፒቴንን ሕመም ከዚያ ቀን በፊት አውቅ ነበር። በእኔም ላይ ደርሶ ነበር፣ እዚያው አየር ላይ። እያወቅኩ ነው ከእሳቸው ጋር የላክሁህ። ሰሌዳው ላይ ስምህን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ ያልገባው መስሎኝ ልደግመው ነበር።

«ወንበሩን» አለ። «ለዚህ ነው ወንበሩን ያወቅሽው።»

«አዎ።»

«እኔ እኮ…» አለና ተወው። እጁን አየ፣ ሁለቱንም እጆቹን፣ አገላብጦ። «እኔ ያን ቀን ልሞት ነው ብዬ ሳስብ፣ አዜብ አለች፣ አዜብ ካለች አልሞትም አልኩ። በልቤ ደጋግሜ ያልኩት እሱን ነው።»

ይቅርታ አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ትንሽ ነገር ሆነ።

ተነሥቶ ወጣ። በሩን አልወረወረውም። ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው፣ ታማሚ እንደተኛበት ክፍል።

ማሩን አልወሰደውም። እኔም አልከፈትኩትም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 21

አሊዪ ዛሬ ብቻውን በረረ።

ከአጥሩ አጠገብ ቆሜ አየሁት። ሬዲዮ አልያዝኩም፤ የዘሪሁን ነው። ጠዋቱ ጥርት ያለ ነበር፣ ስንዴው በሜዳው ሁሉ ብቅ ብሏል። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር። ሦስተኛውን ሲያሳርፍ ጎማው የነካበት ጊዜ አልታወቀም። እንደዚያ ያለ ማረፍ እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ አይሆንልኝም።

ሲወርድ እነ ጁሀራ እንደ ልማዱ ባልዲ ውሃ ደፉበት። ገዛኸኝ አቀፈው። አቶ ደምመላሽ ፎቶ አነሣ። አሊዪ እየሳቀ፣ ውሃው ከፀጉሩ እየወረደ፣ የቆመውን ሰው ሁሉ በየተራ ጨበጠ። ከአጥሩ ወደ እነሱ ተጠግቼ ነበር፤ መሸሽም ያሳፍራል። ተራው እኔ ጋ ደረሰ።

ሳቁ አልጠፋም፤ ብቻ ከዓይኑ ወረደ። እጁን ዘረጋ፣ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደግፎ፣ ከወገቡ ትንሽ ጎንበስ ብሎ፣ ለማያውቁት ትልቅ ሰው እንደሚደረገው።

«እንደምን አደሩ» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት። «እንኳን ደስ አለህ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎም ደኅና ይሁኑ።»

አልፎ ሄደ። ከእኔ ቀጥሎ የቆመችውን ጁሀራን «አንቺ ደግሞ፣ ውሃውን በረዶ ያደረግሽው አንቺ ነሽ» ሲላት ሰማሁ።